ለሞተር መጋዝ ሰንሰለት የቱን ዘይት? ለውርጭ፣ ለዝናብ፣ ለቆላ... ለኪሳችንም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም። ስለ ሞተር መጋዝ ነው። ከመጋዙም ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ ሰንሰለቱን ስለሚያለሰልሰው ዘይት። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔም ትንሽ መስሎኝ ነው አጎቴን ያከሰርኩት።

አጎቴ የሚኖረው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እንደ አካባቢው ሰው ከማሳው ዳር ባህር ዛፍ አለው። በዚያ ዓመት አንድ በሬው ሞተበት። ያው ታውቁታላችሁ፣ አንድ በሬ የቀረው ሰው ወይ ከጎረቤት ይቀናጃል ወይ የሰው ደጅ ይጠናል። እሱ ደግሞ ደጅ መጥናት አይወድም። ባህር ዛፉን ሸጬ በሬ እገዛለሁ አለና ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። ዛፉ ተቆርጦና ተመልምሎ እስከ ሐሙስ ማታ መንገድ ዳር ይከመራል፣ ዓርብ አይሱዙ መጥቶ ይጭናል። ወሩ ኅዳር ነበር።

ልጁ የሞተር መጋዝ አለው። ሰኞ ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ለሰንሰለቱ ምን ዘይት ላድርግ?" አለኝ። እኔ ባለሙያ አይደለሁ? ሳላመነታ መለስኩለት። "ወፍራም ይሻላል። ወፍራም ዘይት ብረት ላይ ይቆያል፣ ቶሎ አይንጠባጠብም። የካምቢዮ ዘይት ግዛ፣ 140 የሚለውን።" ልጁም የተባለውን ገዛ።

ማክሰኞ ጠዋት እኔም ላግዛቸው ሄድኩ። የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። መጋዙ ተነሳ፣ የመጀመሪያው ዛፍ ወደቀ፣ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ላይ መቁረጡ ከበደው። "ዛፉ ጠንካራ ነው፣ ተጫነው" አልኩት። አራተኛው ላይ ጭስ ማየት ጀመርን። ከሞተሩ አይደለም፣ ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ባር ከምንለው ነው። ባሩ ጫፉ አካባቢ ሰማያዊ ሆኗል። ሰንሰለቱ ላልቶ ተንጠለጠለ። ልጁ አጠበቀው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ላላ፣ ደግሞ አጠበቀው። ከዚያ ጧ አለ! ሰንሰለቱ ተበጥሶ የልጁን የፕላስቲክ ቦቲ አንገት ላይ ቀደደው። እግሩን አልነካውም። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

መጋዙን ይዘን ከተማ ጠጋኝ ዘንድ ወረድን። ጠጋኙ ምንም ሳይፈታ የዘይቱን ክዳን ከፈተና መጋዙን ጎን ለጎን ዘነበለው። በውስጡ ያለው ነገር እንደ ማር ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። "ይሄ ሰንሰለት ዛሬ ዘይት ቀምሶ አያውቅም" አለን። ታንኩ ሙሉ ነው እኮ! አራት ዛፍ ስንቆርጥ ዘይቱ ምንም አልጎደለም ነበር። አንዳችንም ክዳኑን ከፍተን አላየንም።

የተቃጠለው ባርና የተበጠሰው ሰንሰለት ተለወጡ። የከፈልነው ብር በዚያን ጊዜ ዋጋ ስድስት ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት ይገዛ ነበር። እሱ እንኳ ቀላሉ ነው። ዓርብ አይሱዙው ሲመጣ ክምሩ ግማሽ ነበር። ነጋዴው ግማሹን ጭኖ፣ ዋጋ ቀንሶ ሄደ። አጎቴ በዚያ ብር ለበሬ አልበቃውም፣ ወይፈን ገዛ። ያን ዓመት ሲያርስ ሳይሆን ወይፈን ሲያለማምድ ዋለ። አንድም ቀን "ያንተ ምክር ነው" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቴ ምን እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ። ዘይቱ መጥፎ ዘይት አልነበረም። ጥፋቱ ዘይቱን የመረጥኩት ለብረቱ ብቻ አስቤ መሆኑ ነው። ዘይቱ ብረቱ ላይ ከመቆየቱ በፊት ግን ብረቱ ጋ መድረስ አለበት። መጋዙ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። ዘይቱን ከታንኩ በቀጭን ቱቦ ትስባለች፣ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ባሩ ትልካለች፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ከባሩ ቦይ ውስጥ እየጠረገ ይወስደዋል። በሙሉ ጉልበት የሚሠራ መጋዝ ሰንሰለት በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት ብረት በብረት ላይ ያለ ዘይት ሲሄድ ምን እንደሚሆን እኛ አይተነዋል። ዘይቱ በጣም ከወፈረ ፓምፗ አትስበውም። በጣም ከቀጠነ ደግሞ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሲዞር ተፈናጥሮ ያልቃል። ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። የመጋዝ ዘይት ዕቃ ላይ "ለበጋ" "ለክረምት" የሚል ጽሑፍ ብታዩ የተጻፈው ለፈረንጅ አገር ነው። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። የእኛ ደጋ ብርድ የሚበረታው ደግሞ በበጋችን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ውርጭ የነበረው ቦታ ቀትር ላይ ጃኬት ያስወልቃል። ከጣርማበር ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ብትደርሱ ደግሞ በዚያው ቀን ቆላ ናችሁ። ስለዚህ "ወሩ ምንድን ነው?" ከማለት "የት ነው የምቆርጠው? በስንት ሰዓት?" ማለቱ ይሻላል።

የሞተር ዘይት ዕቃ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። 15ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 የሚል ታያላችሁ። ደብሊው በፈረንጅ ፊደል ሁለት "ቪ" ተጣብቀው የቆሙ የሚመስለው ፊደል ነው፣ ብርድን ያመለክታል። ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ከፊደሉ በኋላ ያለው ቁጥር ባደገ መጠን ዘይቱ ሲግል ውፍረቱን ይዞ ይቆያል። የካምቢዮ ዘይት ላይ ያሉት እንደ 90 እና 140 ያሉ ቁጥሮች ግን በሌላ ሚዛን የተሰፈሩ ናቸው፣ ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አታወዳድሯቸው። እኔን ያሳሳተኝ አንዱ እሱ ነበር።

በደጋ፣ በውርጭ ወራት፣ 15ደብሊው-40 ይበቃችኋል። አይሱዙና ትራክተር የሚሞላው ዘይት ስለሆነ ከተማ ውስጥ አይጠፋም። ለመጋዝ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ የመጣበቅ ባሕርዩም ያንሳል፣ ግን ይፈሳል። ዘይቱን ማታ ውጭ አታሳድሩት። ቤት ውስጥ ይደር፣ ግን ከምድጃው ራቅ ይበል። አጎቴ አሁን ጀሪካኑን ከመኝታው ሥር ነው የሚያሳድረው። አክስቴ ታጉረመርማለች። ጠዋት መጋዙን ስታስነሱ ወዲያው ዛፍ ላይ አትጫኑት፣ ዘይቱ ባሩ ጋ እስኪደርስ ትንሽ ይሥራ። አንዳንዱ ሰው ዘይቱን ለማቅጠን ናፍጣ ጠብ ያደርግበታል። በረዶ በሚጋገርበት አገር ያስፈልግ ይሆናል፣ በእኛ ውርጭ ግን ሞቅ ካለ ቤት ያደረ 15ደብሊው-40 ያለ ናፍጣ ይሄዳል። ናፍጣው የዘይቱን መጣበቅ ነው የሚያጠፋው። ቤንዚን ግን ጨርሶ እንዳትሞክሩ፣ እሳት ነው።

በቆላ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት፣ ደረቅ ግራር ስትቆርጡ 20ደብሊው-50 ወይም ነጠላውን 40 ተጠቀሙ። ደረቅና ጠንካራ እንጨት ሰንሰለቱን ያግለዋል፣ ቀጭን ዘይት አይቆይለትም። ብዙ መጋዞች ላይ ከሥር ወይም ከጎን በዊንጭት የምትዞር የዘይት ማስተካከያ አለች። ባራችሁ ረጅም ከሆነ ወይም እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ከፍ አድርጓት። ብዙ ሰው ይህች ነገር መኖሯን አያውቅም። መጋዙ ሲገዛ እንደመጣች ትኖራለች።

ክረምት ሌላ ጣጣ አለው። ብርዱ መካከለኛ ነው፣ ችግሩ ውሃና ጭቃ ነው። እርጥብ ሰጋቱራ ከዘይት ጋር ተለውሶ የባሩን ቦይና ያችን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሰንሰለቱ ይደርቃል፣ የእኛ ታሪክ በሌላ መንገድ ይደገማል። ስለዚህ በክረምት በየቀኑ ባሩን ፈታችሁ ቦዩን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ፣ ቀዳዳዋን አጽዱ። እግረ መንገዳችሁን ባሩን ገልብጣችሁ ግጠሙት፣ ከላይና ከታች እኩል እንዲያልቅ። ለመጋዝ ሰንሰለት ተብሎ የተሠራውን ዘይት፣ ክር እየሠራ የሚጣበቀውን፣ ለመግዛት አቅማችሁ ለአንድ ሊትር ብቻ ከሆነ ለክረምት አስቀምጡት ባይ ነኝ። ዝናብ ቶሎ አያጥበውም።

እንግዲህ ኪሳችን። የመጋዝ ሰንሰለት ዘይት እንደ መኪና ዘይት ተመልሶ አይዞርም። የወጣው ወጣ ነው፣ እንጨቱና መሬቱ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ሰው "ለሚጣል ነገር ምን አዲስ አስገዛኝ" ብሎ ጋራዥ ሄዶ የተቃጠለ ዘይት የሚቀዳው። አጎቴም ከዚያ ክስረት በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው። በነጻ ይሰጡታል፣ ቀጭን ስለሆነ በውርጭም ይፈሳል። ምን ልበለው? ያከሰርኩት እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩ።

ዝምታዬን ያስወጣኝ የአክስቴ ጫጩት ነው። ሰጋቱራውን ሰብስባ የጫጩቶቹ ቤት ውስጥ ልታነጥፍ ስትል እጄ ላይ አደረግኩት። ጠቁሯል፣ የጋራዥ ሽታ ይሸታል። የልጁን እጅ ደግሞ አየሁት። ጣቶቹ መሃል ቆዳው ተላልጦ ቀልቷል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተር የተፋቀ የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉ። መጋዙ ያንን እንደ ጉም እየረጨ ነው ሰውዬው የሚተነፍሰው። ዛፉ ያለበት ደግሞ ከምንጩ በላይ ነው፣ የሚንጠባጠበው በዝናብ ታጥቦ ወዴት እንደሚወርድ እናንተው ታውቃላችሁ። ብረቱም ቢሆን አይጠቀምም። ያ የብረት ብናኝ ፓምፗንና የባሩን ቦይ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በነጻ የመጣው ዘይት ዋጋውን ቆይቶ ነው የሚጠይቀው።

አጎቴን ያሳመነው ግን የጤናው ነገር አልነበረም፣ ሒሳቡ ነው። አብረን ተቀምጠን አሰላነው። የእሱ መጋዝ የዘይት ታንክ ሩብ ሊትር ይይዛል። ቤንዚን በሞላ ቁጥር ዘይትም ይሞላል። በሥራ ቀን ስድስት ጊዜ ቢሞላ አንድ ሊትር ተኩል ነው። ሦስት ቀን ቢቆርጥ አራት ሊትር ተኩል። ያን ጊዜ ለባርና ለሰንሰለት የከፈልነው ስድስት ሊትር ዋጋ ነበር አላልኳችሁም? ማለትም ያችን የአንድ ቀን ጥፋት በአራት ቀን ሙሉ አዲስ ዘይት መግዛት ይቻል ነበር። ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣል፣ የእኔን ቁጥር አትያዙ። ሱቅ ስትሄዱ የአንድ ባርና ሰንሰለት ዋጋ ጠይቁ፣ የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ጠይቁ፣ ራሳችሁ አካፍሉት።

ብር ሲያጥር የምመክረው ከጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ ባለ አራት ሊትሩን ጋሎን መግዛት ነው፣ በሊትር ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን እዩ። ተጣርቶ እንደ አዲስ የሚሸጥ አሮጌ ዘይት አለ። ከተጠራጠራችሁ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። አዲስ ዘይት ንጹሕ የማር ቀለም ያለው ክብ ይሠራል፣ አሮጌው መሃሉ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ይተዋል።

"የምግብ ዘይትስ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። በአውሮፓ ከጎመን ዘር ዘመድ ከሆነ ሰብል የሚሠራ የመጋዝ ዘይት በየሱቁ ይሸጣል፣ መሬትም አይበክልም። ግን የምግብ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የሚረጋው የፓልም ዘይት በደጋ ጠዋት ታንኩ ውስጥ እንደ ቅቤ ይቆማል። ተልባ ደግሞ አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዘይት ነው፣ ቀለም ለመበጥበጥ ያገለግላል። ኑግና ሱፍም እንደ ተልባ ባይብሱም ውለው አድረው እንደ ሙጫ ይሆናሉ። ከአገራችን የጎመን ዘር ዘይት ይሻላል። እሱንም ቢሆን ታንክ ውስጥ አታክርሙት፣ ሥራ ስትጨርሱ አውጡት። እውነቱን ለመናገር ግን የምግብ ዘይት በዚህ ዋጋ ለመጋዝ ማጠጣት... ሚስቶቻችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ። ቤንዚን ውስጥ የሚበጠበጠው የሁለት ምት ሞተር ዘይትና የሰንሰለቱ ዘይት የተለያዩ ናቸው። የሰንሰለቱን ዘይት ቤንዚን ውስጥ ብትጨምሩ ሞተሩን ትገድሉታላችሁ፣ የቤንዚኑን ውድ ዘይት ለሰንሰለት ብታጠጡ ብራችሁን ነው የምታፈሱት። ክዳኖቹ ላይ ምልክት አለ። ምልክቱ ከጠፋ በምስማር ጫርጫር አድርጉበት።

እኛ ያን ማክሰኞ ብናደርገው ኖሮ ሁሉንም የሚያስቀር ነገር ደግሞ ይህ ነው፣ ብርም አይጠይቅም። ዛፍ ከመንካታችሁ በፊት ነጭ የእህል ጆንያ ወይም የተላጠ ግንድ ፈልጉ። የባሩን ጫፍ አንድ ጋት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ወደ እሱ ያዙና፣ ሳታስነኩት፣ ቤንዚን ስጡት። ጆንያው ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ከተረጨ ዘይቱ እየደረሰ ነው። ካልተረጨ አትቁረጡ። ወይ ዘይቱ ወፍሯል፣ ወይ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ወይ ፓምፗ ታማለች። ቀትር ላይም ድገሙት። ቤንዚን ስትሞሉ ዘይቱ ምን ያህል እንደጎደለ እዩ። ቤንዚኑ አልቆ ዘይቱ ካልጎደለ ሥራውን አቁሙ።

ሰንሰለቱ ጋል ባለበት ሰዓት ካጠበቃችሁት ደግሞ ሥራ ስትጨርሱ መልሳችሁ አላሉት። ሲበርድ ይሰበሰባልና ባሩን ይጎዳል። ከሰኔ በኋላ መጋዙ የማይሠራ ከሆነ ሰንሰለቱን ፈታችሁ ንጹሕ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት፣ አይዝግም።

ያ ወይፈን አሁን ሙሉ በሬ ሆኗል። ባለፈው ኅዳር አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጁ ገና መጋዙን ሳያስነሳ ነጩን ጆንያ ግንዱ ላይ ሲያለብስ አየሁት። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከበሬዎቹ አጠገብ ቆሞ "እስቲ ባለሙያው መጀመሪያ ይየው" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መስመሩ ጆንያው ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል።